ቀለም የነካው እጅ

የዛሬው ጨዋታችን ከአንድ የእሑድ ቡና ይጀምራል።

ያን ዕለት ቤታችን ሞልቷል። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ብለዋል። ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ የሥነ ጥበብ ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ከክፍሏ ብቅ አለች። ሁለት ሴቶች በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው ታክሲ ሲጠብቁ የሚያሳይ፣ በጥቁር፣ በቀይና በቢጫ ቀለም የተሠራ ሥዕል ነው። ቅርጹን በራሷ እጅ ቀርጻ፣ በራሷ እጅ ቀለም ቀብታ ነው ያተመችው። ከታች በእርሳስ ስሟ አለ፤ ከስሟ ራቅ ብሎ ደግሞ 3/12 የሚል ተጽፏል።

አጎቷ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ “ይቺ ሦስት ከአሥራ ሁለት ምንድን ናት? የፈተና ውጤት ነው እንዴ?” አሉ።

“አይ ጋሼ! አሥራ ሁለት አትሜ ይቺ ሦስተኛዋ ናት ማለት ነው።”

“እንግዲያ ኮፒ ነው በይኛ! ለኮፒማ እዚህ ታች ሱቁ አለ። ኦሪጅናሉስ የታለ?”

“ሁሉም ኦሪጅናል ናቸው፣ ጋሼ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አልዋሻችሁም፣ እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ሦስተኛውን ቡና ሳትቀርብ ቀረች። አባቴ ብቻ አልሳቁም። ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። “ሁሉም ኦሪጅናል ናቸው” ያለችው ነገር እየተመላለሰ መጣብኝ። አንድ ሥዕል እንዴት አሥራ ሁለት ጊዜ ኦሪጅናል ይሆናል? እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ሳላነብ ማደር አልችልም። ሳነብ፣ የእኛ ቤት ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የፓሪስ ክርክር ሆኖ አገኘሁት። እናንተም በየቤታችሁ ልጅ፣ አጎትና አያት አላችሁና ላካፍላችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእናት የልብስ ዝርዝር

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ችግረኛ ቤተሰብ ነው። አሎይስ ዜነፌልደር በ1771 ፕራግ ውስጥ ተወልዶ ሙኒክ ያደገ የተዋናይ ልጅ ነበር። አባቱ ሲሞት የሕግ ትምህርቱን አቋረጠና ቲያትር እየጻፈ ለመኖር ሞከረ። ማተሚያ ቤቶች የሚጠይቁት ገንዘብ ግን ከአቅሙ በላይ ሆነበት። “ራሴ አትመዋለሁ” ብሎ ተነሳ። የመዳብ ሰሌዳ ውድ ስለነበረ፣ በባቫርያ የሚገኘውን ጠፍጣፋና ለስላሳ የኖራ ድንጋይ መለማመጃ አደረገው።

በ1796 አንድ ቀን እናቱ የሚታጠበውን ልብስ ዝርዝር እንዲጽፍላት ጠየቀችው። አጣቢዋ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለም። ከሰም፣ ከሳሙናና ከጥላሸት ራሱ ባዘጋጀው ቀለም ዝርዝሩን ድንጋዩ ላይ ጻፈው። በኋላ ሊያጠፋው ሲል፣ “አሲድ ባፈስበትስ?” የሚል ሐሳብ መጣለት። ታሪኩን የነገረን እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ደክሞ በ1798 ገደማ ዋናውን ምሥጢር አገኘ፤ ድንጋዩን መቅረጽም መፋቅም አያስፈልግም፤ ቅባትና ውኃ አለመስማማታቸው ብቻ ይበቃል።

ይህን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውኃው ከታች ይቀራል። ዜነፌልደርም የተጠቀመው በዚሁ ጠባያቸው ነው። ሠዓሊው ቅባት ባለው እርሳስ ድንጋዩ ላይ ይሥላል። ከዚያ የግራር ሙጫ ከጥቂት አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ይቀባል፤ ይህም ሥዕሉን በድንጋዩ ላይ ያጸናዋል፣ ያልተሣለበትንም ቦታ ውኃ ወዳድ ያደርገዋል። ሙጫው በሱዳንና በእኛም ቆላ ከሚበቅሉ የግራር ዛፎች የሚለቀመው ዓይነት ነው። ቀጥሎ ድንጋዩ በውኃ ይረጥባል። ውኃው ባዶውን ቦታ ይይዛል፣ ከቅባቱ ላይ ግን ይሸሻል። ቅባት ያለው የማተሚያ ቀለም በሮለር ሲነዳበት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ቀለሙ ከተሣለው መስመር ላይ ብቻ ይጣበቃል። ወረቀት ይነጠፍበትና በማተሚያው ይጨመቃል። ወረቀቱ ሲነሳ ሥዕሉ እንደ መስታወት ምስል ግራና ቀኙን ቀይሮ ይወጣል። ይህ ሥራ ሊቶግራፊ ይባላል፤ በድንጋይ ማተም ማለት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ሩቅ ስለሆነ ነገር አይምሰላችሁ። ዛሬ ጋዜጦች የሚታተሙበት ኦፍሴት የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። ድንጋዩ በቀጭን የብረት ፕሌት ተተካ፣ መሐል ላይ ቀለሙን ተቀብሎ ወደ ወረቀቱ የሚያሻግር ላስቲክ ገባ እንጂ ውኃውና ቀለሙ ዛሬም እንደ ጥንቱ ይገፋፋሉ። ለአንዲት እናት የልብስ ዝርዝር የተነሳው ነገር እነሆ እናንተ እጅ ደረሰ።

ቀለም ሲገባ ክብር ወጣ

መጀመሪያ ላይ ሠዓሊዎች ድንጋዩን ወደዱት። የስፔኑ ጎያ በ1825፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ሆኖ፣ በስደት ይኖርበት በነበረው በቦርዶ የኮርማ ውጊያ ሥዕሎቹን በድንጋይ ሠራ። ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ወደ 4,000 የሚጠጉ የድንጋይ ህትመቶችን ለጋዜጦች ሥሏል። ንጉሡን ሉዊ ፊሊፕን የሕዝብ ሀብት የሚውጥ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ በመሣሉም በ1832 ታስሯል።

በ1837 ጎድፍሯ ኤንግልማን የተባለ አታሚ ለባለ ቀለም የድንጋይ ህትመት ፈቃድ አወጣ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድንጋይ ይዘጋጃል፤ ቢጫው ይታተማል፣ ይደርቃል፣ ያው ወረቀት ወደ ቀዩ ድንጋይ ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊው። ወረቀቱ በየጊዜው እዚያችው ነጥብ ላይ ካላረፈ ከንፈሩ ከአፉ ወጥቶ ጉንጭ ላይ ይቀመጣል። የሳሙና መጠቅለያው፣ የፖስታ ካርዱ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያው፣ የቅዱሳን ሥዕሉ ሁሉ በዚህ መንገድ በብዛት ይታተም ጀመር። በየቤታችን በመስታወት አስገብተን የምንሰቅላቸው የታተሙ ቅዱሳት ሥዕሎችም የዘር ሐረጋቸው ከዚህ ይመዘዛል።

ችግሩ፣ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ሠዓሊው ድንጋዩን አይነካውም ነበር። እሱ በዘይት ቀለም የሣለውን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች እየተመለከቱ በብዙ ድንጋዮች ላይ ይገለብጡታል። ስለዚህ ባለ ቀለም ህትመት ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው የሳሙና መጠቅለያ ሆነ። በፓሪስ ትልቁ ዓመታዊ የሥዕል ትርኢትም እስከ 1899 ድረስ ባለ ቀለም ህትመቶችን ከህትመት ክፍሉ ውጭ አድርጎ ነበር። “ህትመት ማለት ጥቁርና ነጭ ነው” የሚሉት ሰዎች እንደ ልጄ አጎት፣ “ይሄማ የሱቅ ነው” ባዮች ነበሩ ማለት ይቻላል።

መልሱ የመጣው ከመንገድ ነው። ዡል ሼሬ የተባለ፣ በልጅነቱ ለአታሚነት ሙያ የገባ ሰው፣ የፓሪስን ግድግዳዎች ራሱ ድንጋይ ላይ በሚሥላቸው ትልልቅ ማስታወቂያዎች አለበሳቸው። መንግሥት በ1890 የክብር ኒሻን ሰጠው። በዚያው ዓመት በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትልቅ የጃፓን የእንጨት ህትመቶች ትርኢት ተከፈተ። ወጣቶቹ ሠዓሊዎች አዩና ተደነቁ። ጥላ ሳይበዛ፣ በጠፍጣፋ ቀለምና በደፋር መስመር ሰው እንዲህ ሕያው ሆኖ መታየት ይችላል ለካ! በ1891 ደግሞ አንድ አጭር ሰውዬ ለሙላን ሩዥ የጭፈራ ቤት የሠራው ማስታወቂያ በየአጥሩ ተለጠፈ፤ ከተማው ስሙን አወቀ። ሰውዬው አንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ ነው።

ሽፋኑ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች

ሎትሬክ የመኳንንት ልጅ ነው። በ1864 አልቢ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አጥንቱ ከልጅነቱ ደካማ ስለነበር፣ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ሁለቱም እግሮቹ ተራ በተራ ተሰበሩና ዕድገታቸው እዚያው ላይ ቆመ። ከወገቡ በላይ ጎልማሳ፣ ከወገቡ በታች ልጅ ሆኖ ቀረ። የአባቱ ዘመዶች የሚኮሩበትን ፈረስ ግልቢያና አደን መከተል አልቻለም። ሎትሬክ ጓደኞቹን ያገኘው በማምሻ ቤቶች፣ በሰርከስና በማተሚያ ቤት ነው።

በ1893 አንድሬ ማርቲ የተባለ አሳታሚ “ሌስታምፕ ኦሪዢናል” የሚባል የህትመት ሥዕሎች ጥራዝ በየሦስት ወሩ ማውጣት ጀመረ፤ ትርጉሙ “ኦሪጅናል ህትመት” ነው። ስሙ ራሱ ክርክር ነበር። እስከ 1895 ድረስ በዘጠኝ ጥራዞች የ74 ሠዓሊዎችን 95 ሥራዎች አወጣ፤ ጎጋን፣ ዊስለር፣ ረዶን፣ ፒሳሮ፣ ቦናር፣ ቩያር ሁሉ አሉበት። የእያንዳንዱ ሥራ እትም 100 ብቻ ነው። ማርቲ ለመጀመሪያው ዓመት ሽፋን እንዲሠራለት ሎትሬክን ጠየቀው።

ሎትሬክ ለእንዲህ ዓይነት ትልቅ ሥራ ሽፋን ምን ቢሥል ጥሩ ነበር? ክንፍ ያላት የኪነ ጥበብ አምላክ? የአበባ ጉንጉን? እሱ የሣለው የሚሠራበትን ማተሚያ ቤት ነው። ቁመቱ ከግማሽ ሜትር ጥቂት በሚበልጠው ባለ ቀለም የድንጋይ ህትመት ላይ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። አንዷ ጄን አቭሪል ናት፤ ዝነኛ ጨፋሪ፣ የሎትሬክም ወዳጅ። በልጅነቷ ከእናቷ ዱላ ስትሸሽ፣ በነርቭ ሕመምም ሆስፒታል ስትተኛ ያደገች ሴት ናት። በብዙዎቹ ሥዕሎቹ እግሯን አንስታ ስትጨፍር እናያታለን። እዚህ ግን ባርኔጣዋንና ካባዋን አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ገና ከማተሚያው የወጣ ወረቀት በጥሞና ትመለከታለች። ሥራ የሚያውቅ ሰው የሌላውን ሥራ እንደሚያይ ነው የምታየው።

ሁለተኛው ከኋላ ያለው ሽማግሌ ነው። ቆቡን ደፍቶ፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ ማተሚያው ላይ አጎንብሷል። በኤድዋርድ አንኩር ማተሚያ ቤት የሚሠራ ልምድ ያለው አታሚ ነው፤ ፔር ኮቴል ይሉታል፤ “አባባ ኮቴል” እንደማለት ነው። ሎትሬክ ድንጋይ ላይ መሥራት የሚወደው በእሱ እጅ ነበር። ሠዓሊው ቀለሙን በጥርስ ብሩሽ እየረጨ ድንጋዩ ላይ እንደ ጤዛ ሲያለብሰው፣ ያን ጤዛ ሳያጠፋ ወረቀት ላይ የሚያወጣው ግን አታሚው ነው። ውኃው ቢበዛ ቀለሙ ይሞታል፤ ቢያንስ ድንጋዩ በሙሉ ይጠቁራል። ይህን ልክ የሚያውቀው የአታሚው እጅ ነው።

በሥዕሉ ላይ ያልገባ አንድ ሰው አለ፤ ሎትሬክ ራሱ። የሣለው አታሚውንና ተመልካቿን ነው። “ኦሪጅናል ህትመት” በሚል ሥራ ደረት ላይ ስሙን ለዘለዓለም ያጻፈው ባለ ሞያ፣ “እነሆ ይህን የሠራልኝ” ብሎ የሽማግሌውን ጎንበስ ያለ ጀርባ አሳየን። ለእኔ ይህ ከሙላን ሩዡ ማስታወቂያ ይበልጥብኛል።

የአጎትየውንም ጥያቄ የሚመልሰው ይኸው ነው። እንዲህ ባለው ህትመት ውስጥ ሌላ ቦታ የተቀመጠ “ዋና” ሥዕል የለም። ሠዓሊው የሣለው ድንጋዩ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ተፈግፍጎ ለሌላ ሥዕል ይውላል። ሥዕሉ የሚኖረው በወረቀቶቹ ላይ ብቻ ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ አሥራ ሁለት ልጆች “ኦሪጅናሉ የትኛው ነው?” ተብለው አይጠየቁም። ልጄ ትክክል ነበረች።

ሁለተኛው ትንሣኤ

ይህ ትንሣኤ ብዙ አልቆየም። ሎትሬክ በ1901፣ ገና በ36 ዓመቱ አረፈ፤ አታሚዎቹም አረጁ። በ1945 መጨረሻ ፒካሶ በፓሪሱ የሙርሎ ማተሚያ ቤት ገብቶ ከአታሚዎቹ ጋር ለወራት ሲሠራ ድንጋዩ እንደገና ነፍስ ዘራ። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ጁን ዌይን የምትባል ሠዓሊ በ1950ዎቹ የድንጋይ ህትመት ለመሥራት ስትፈልግ የሚያትምላት ብቁ ሰው በሀገሯ አጥታ ፓሪስ ድረስ ሄዳለች። ተመልሳም በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በ1960 ታማሪንድ የሚባል የሊቶግራፊ አውደ ጥናት በሎስ አንጀለስ ከፈተች። ዓላማዋ ሠዓሊ መጋበዝ ብቻ አልነበረም፤ አታሚ ማሠልጠንም ነው። አታሚ ከሌለ ሠዓሊው ብቻውን ምንም እንደማይሆን ገብቷታል። ድርጅቱ በ1970 ወደ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ዛሬም ይሠራል። አንድ ልማዳቸው ልቤን ነካው፤ ከሠዓሊው ፊርማ በተጨማሪ ያተመው ሰው የራሱን ትንሽ ማኅተም ወረቀቱ ጥግ ላይ ያሳርፋል።

ወደ እኛም የመጣ ነገር አለ። ሐንሰን ባሂያ በሚል ስም የሚታወቀው የሐምቡርግ ተወላጅ የእንጨት ህትመት ሠዓሊ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱም በዓለም ከታወቀችባቸው ግዙፍ ሥዕሎቿ ጎን ከአሜሪካ አታሚዎች ጋር የሠራቻቸው ብዙ ህትመቶች አሏት።

አባቴ ያዩት

አሁን ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኦፍሴት ማሽኒስት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የሌላውን ሰው ጽሑፍና ሥዕል በማተም ነው። ማታ ሲገቡ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸቱ ነበር። እጃቸውን ቢታጠቡ ቢታጠቡ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር አይለቅም። አንድ ቀን፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የወላጅ ስብሰባ ሊመጡ በር ላይ ሳያቸው በሌላው በኩል ዞሬ ገባሁ። ጓደኞቼ ያን ጥፍር እንዳያዩ ነው። ማየታቸውን እንጃ። አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም ተናግረውኝ አያውቁም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ነገርኩ።

ልጄ የህትመት ሥዕል ልማር ስትል ከሁሉም በላይ የተቃወሙት እሳቸው ናቸው። “የእኔን እጅ እያየሽ?” አሏት። እኛም “ምን ልትበይ ነው?” ብለን አገዝናቸው። ያ የእሑዱ ሳቅ ከዚያ የቀጠለ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያነበብኩትን ለልጄ ነገርኳት። እሷም የሎትሬክን ሽፋን ስልኳ ላይ አውጥታ ወደ አያቷ ሄደች። “አባባ፣ ይቺን ሥዕል እስቲ እይልኝ” አለቻቸው። ቆንጆዋን ሴትዮ የሚያዩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በጣታቸው ነክተው ያሳዩን ሽማግሌውን ነው።

“ይሄ ሰውዬ ወገቡን ያመዋል” አሉ።

“እንዴት አወቅህ?”

“አቆራረጡን አታይም? ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚውለው።” ትንሽ ቆዩና፣ “ስሙ ይታወቃል?” ሲሉ ጠየቁ።

“አዎ፣ አባባ ኮቴል ይሉታል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።”

“ይታወቃል?” አሉ ደግመው። ስልኩን ከእጇ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ፣ “ያንቺን አምጪው እስቲ” አሏት። የጃንጥላዋን ሥዕል ስትሰጣቸው ወደ መስኮቱ ወስደው ከብርሃን ጋር አገላበጡት። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። “ቀዩ ወደ ግራ ሸሽቶብሻል፤ ወረቀቱን በዓይን ገምተሽ ነው ያስቀመጥሽው አይደል? በዓይን አይሆንም። ሁለት ጎኑ ላይ ማስደገፊያ ሥሪለት፤ ሁልጊዜ ከአንድ ጥግ ጀምሪ። ቀለምሽም በዝቷል፤ ሮለሩ ሲሄድ ድምፁን ስሚው፣ የሚያንሿሿው ልኩ ሲሆን ነው።” ልጄ ደብተር አምጥታ ትጽፍ ጀመር። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አባቴ ስለ ሥራቸው እንዲህ ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅማ። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ቤታችሁ ያለውን እዩት

እግረ መንገዳችሁን በቤታችሁ ያለ ሥዕል በእጅ የታተመ ይሁን ከፎቶ የተባዛ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጥቂት ዘዴ ልንገራችሁ። አንድ የእጅ ማጉያ መነጽር አንሱ። በእኩል ርቀት የተደረደሩ፣ እንደ ትንንሽ አበባ የተሰባሰቡ ባለ ቀለም ነጥቦች ካያችሁ ከፎቶ በማሽን የተባዛ ነው። ሠዓሊ ድንጋይ ላይ የሣለው ከሆነ መደበኛ ነጥብ የለውም፤ የእርሳሱ ሻካራ አሻራ በድንጋዩ ቅንጣት ላይ ሲንከባለል ይታያል። ሁለተኛ፣ ጥጎቹን ተመልከቱ፤ በእጅ ሲታተም አንዱ ቀለም ከሌላው በጭላጭ ያህል ወጣ ሊል ይችላል። ሦስተኛ፣ ከሥር በእርሳስ የተጻፈውን አንብቡ። ሁለተኛው ቁጥር የእትሙ ጠቅላላ ብዛት ሲሆን የመጀመሪያው የዚያች ወረቀት መለያ ነው። 3/12 ከ1/12 ያነሰ አይደለም። ነገር ግን ቁጥርና ፊርማ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከፎቶ የተባዛ ሥዕልም ቁጥር ሊጻፍበት ይችላልና መነጽሩን አስቀድሙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ በቤታችሁ አታሚ የነበረ፣ ፊደል ለቃሚ የነበረ፣ ጠራዥ የነበረ፣ ወይም ማንኛውም እጁን ሥራ የለወጠው ሰው ካለ ዛሬ ቁጭ በሉና ጠይቁት። ምን እንደሠራ ሳይሆን እንዴት እንደሠራው ጠይቁት። መልሱን ከሱ ሌላ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል።

ልጄ የጃንጥላውን ሥዕል እንደገና አተመችው፤ አሁን ቀዩ ቦታውን ይዟል። አንዱን ለአጎቷ ሰጠች፤ “እንግዲህ ኦሪጅናል ነዋ!” ብለው እየሳቁ ተቀበሏት፤ መስታወት እናስገባለታለን ብለዋል። ሌላውን እኛ ሳሎን ሰቀልነው። ከመስቀሏ በፊት ጀርባው ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ስትጽፍ አያቷ አዩና፣ “ምንድን ነው የምትጽፊው?” አሏት።

“ማስደገፊያውን ያሠራኝን ሰው ስም።”

“የእኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል?” ብለው ተቆጡ። እሷም ዝም ብላ ጻፈችው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተኝቶ አገኘሁት፤ አባቴም መነጽራቸውን አድርገው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ምንም አላልኩም፤ ቡና ላፈላ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።